እንስሳ ለህክምና ሲያዝ ለምን ይታገላል? እንዴትስ ነው የሚያዘው?

ላም ታማ ሐኪም ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ቀንድ ይይዛል፣ አንዱ ጅራት ይጎትታል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ በዱላ እየነካካ ይጮሃል፣ ላሟ ደሞ በየደቂቃው እየባሰባት ትሄዳለች። ውሻና ድመት ላይም ያው ነው፣ አንገቱን ያዘው፣ አፉን ዝጋው፣ እግሩን ጠፍረው ምናምን። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ሀሳብ አንድ ነው፣ ሰውና ጉልበት ከበዛ ስራው ቶሎ ያልቃል የሚል። ግን አስቡት፣ ያደገች ላም 400 ወይ 500 ኪሎ ልትመዝን ትችላለች፣ ነገሩ የጉልበት ግጥሚያ ከሆነ ገና ሳይጀመር ተሸንፈናል። ድመት ደሞ 4 ኪሎ ሆና ሁለት ጎረምሳ ደም በደም አርጋ ታመልጣለች።

እንስሳ መያዝ የለመዱ ሰዎችን ካያችሁ ጉልበት የሚጠቀሙት በጣም ትንሽ ነው። እንስሳው እንዲታገል የሚያረገውን ምክንያት አስቀድመው ስለሚቀንሱለት ነው።

መያዝ ሲባል ምን ምን ያካትታል?

ሐኪሙ ስራውን እስኪጨርስ እንስሳው ራሱንም ሰውንም እንዳይጎዳ እንቅስቃሴውን መገደብ ነው፣ በእጅ ሊሆን ይችላል፣ በገመድ፣ በፎጣ፣ በብረት ወይ በእንጨት በተሰራ መያዣ፣ ወይ በመድሃኒት። ሐኪሞች የሚከተሉት ህግ አጭር ነው፣ ለስራው የሚበቃውን ትንሹን መያዣ ተጠቀም፣ በተቻለ መጠን ለአጭር ጊዜ። ክትባት ለመውጋት አስር ሰከንድ ቀጥ ብላ የምትቆም ላም ትበቃለች፣ ሰኮና ለመቁረጥ ግን ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል። ለሁለቱም አንድ አይነት ጠፍሮ ማሰር የሚያስፈልግ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፣ ችግሩም ከዛ ይጀምራል።

ልናድነው አይደል እንዴ፣ ለምን ይታገለናል?

ላም፣ በግ፣ ፈረስ፣ አህያ፣ ጥንቸል እነዚህ ሁሉ በተፈጥሯቸው ታዳኝ ናቸው፣ በአውሬ የሚበሉ ማለቴ ነው። አንገታቸው ሲታነቅ፣ ከላይ ሲጫኗቸው፣ እግራቸው መሬት ሲለቅ የሚመጣላቸው አውሬ ያዘኝ የሚል ስሜት ነው፣ መርፌውን የያዘው ሰው ዶክተር ይሁን ጅብ ለነሱ ልዩነት የለውም። የመጀመሪያ ምርጫቸው መሮጥ ነው። መሮጫ ስታሳጧቸው ወይ ደርቀው ይቆማሉ ወይ ይጣላሉ።

የሚያዩትና የሚሰሙትም ከኛ ይለያል። የላም አይን በጎንና በጎን ስለሆነ ሳትዞር ከ300 ዲግሪ በላይ ታያለች፣ የማታየው ልክ ከጭራዋ ጀርባ ያለውንና ከአፍንጫዋ ስር ያለውን ጠባብ ቦታ ነው። ርቀትና ጥልቀት ለመገመት ግን ደካማ ናት፣ ስለዚህ መሬት ላይ ያለ ጥላ ወይ የውሃ ኩሬ ለሷ ጉድጓድ ሊመስል ይችላል። ላሟ አልገባም ብላ ስትገግም "እልኸኛ ናት" ከማለት በፊት እሷ በቆመችበት ቦታ ጎንበስ ብሎ ፊት ለፊቷ ያለውን ማየት ነው፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ጃኬት፣ የሚወዛወዝ ሰንሰለት፣ የሚያበራ ብረት ይገኛል። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪ ቴምፕል ግራንዲን በዚህ ነው የታወቀችው፣ ከብት በሚያልፍበት መተላለፊያ ውስጥ ራሷ እየገባች እነሱ የሚያዩትን ታይ ነበር፣ ከዛ በኋላ የሰራቻቸው ጠመዝማዛ መተላለፊያዎች ብዙ አገር ተቀድተዋል። ጩኸትና ፉጨት ደሞ ነገሩን ያባብሳል፣ ቀጭን ድምፅ ከኛ በተሻለ ስለሚሰሙ ለኛ ቀላል የሆነው የብረት ኳኳታ ለነሱ ከባድ ነው።

ከብት ጋር እንዴት ነው የሚቀረበው?

እያንዳንዱ ከብት በዙሪያው የማይታይ ክልል አለው፣ ወደዛ ክልል ስትገቡ ይንቀሳቀሳል፣ ስትወጡ ይቆማል። ሰልፍ ላይ የማታውቁት ሰው በጣም ተጠግቶ ሲቆምባችሁ ሳታስቡት ፈቀቅ ትላላችሁ አይደል፣ እንደዛ ነው። በየቀኑ የምትታለብ ላም ጋር ክልሉ ጠቦ ምንም ላይቀር ይችላል፣ ሜዳ ላይ ያደገ ወይፈን ጋር ግን ብዙ ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ቆሞ አንድ እርምጃ ገባ፣ አንድ እርምጃ ወጣ እያሉ መንዳት ይቻላል፣ ዱላ አያስፈልግም። ዘለው መሃሉ ከገቡ ግን ወይ ትሮጣለች ወይ ዞራ በናንተ ላይ ትመጣለች።

ሁለተኛው ነገር ትከሻ ነው። ከትከሻዋ ወደኋላ ባለው በኩል ቆማችሁ ከተጠጋችሁ ወደፊት ትሄዳለች፣ ከትከሻዋ ወደፊት ከቆማችሁ ወደኋላ ትላለች። ሰዎች ላም ወደፊት እንድትሄድ ፈልገው ፊቷ ላይ ቆመው ገመድ ሲጎትቱ ታያላችሁ፣ አንድ ሌላ ሰው ደሞ ከኋላ ይገፋል፣ ላሟ በሁለት ተቃራኒ ትዕዛዝ መሃል ቆማ ምን ታርግ።

ስትቀርቡ በጎን በኩል፣ በምታያችሁ አቅጣጫ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ረጋ ባለ ድምፅ እያወራችሁ ይሁን። ላም እርግጫዋ ወደኋላ ብቻ አይደለም፣ እግሯን ወደፊት አውጥታ ወደጎን አዙራ ነው የምትመታው፣ ስለዚህ ጎኗ ላይ ቆሜያለሁ ብሎ መተማመን አይሰራም፣ ወይ በጣም ተጠግቶ ሰውነቷን መንካት ነው ወይ በደንብ መራቅ፣ መሃል ላይ ያለው ርቀት ነው የሚሰብረው። ጥጃዋ አዲስ የተወለደባት ላም እና ኮርማ ደሞ ለብቻቸው ናቸው። በተለይ የወተት ዘር ኮርማ፣ ጥጃ ሆኖ ከእጃችሁ የበላ ቢሆንም፣ ጀርባ አይሰጠውም። ከሱ ጋር በረት ከመግባታችሁ በፊት በየት እንደምትወጡ እወቁ።

ክራሽ ምንድነው? ከሌለስ?

ክራሽ የሚባለው ከብቱ ገብቶ መዞር የማይችልበት ጠባብ መቆሚያ ነው፣ ከእንጨትም ከብረትም ይሰራል፣ ፊት ለፊቱ አንገት የሚይዝ በር ሊኖረው ይችላል። ከሁለት ጎን እኩል ረጋ ብሎ የሚጫን ከሆነ ብዙ ከብት ውስጡ ሲገባ እንደውም ይረጋጋል፣ ድንገት ጥርቅም ብሎ ከተዘጋበት ግን ይደነብራል። እዚህ ላይ ሁለት አደጋ አለ። አንደኛው አንገቱ ተይዞ ጉልበቱ ከከዳው ሊታነቅ ይችላል፣ ስለዚህ በሩን የሚከፍት አንድ ሰው ሁሌም አጠገቡ ይቁም። ሁለተኛው የሰው እጅ ነው፣ በላሟና በብረቱ መሃል የገባ ክንድ ይሰበራል።

ክራሽ ከሌለ ጠንካራ ምሰሶና ራስ ላይ የሚታሰር ገመድ ይበቃል። ገመዱ አንገት ላይ የሚጠብቅ ሸምቀቆ አይሁን፣ ምሰሶው ላይ ያለው ቋጠሮም አንዴ ሲጎተት የሚፈታ አይነት ይሁን፣ ከብት ወድቆ ገመድ ሲወጠር ቋጠሮ እፈታለሁ ማለት ቀልድ ነው። የገመዱን ጫፍ እጃችሁ ላይ ጠምጥማችሁ አትያዙ፣ ጣት የሚቆረጠው እንደዛ ነው። ጭንቅላቷን ለአጭር ጊዜ ለመያዝ በአፍንጫዋ ቀዳዳዎች መሃል ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ መያዝ ይሰራል፣ ቀንድ ይዞ ከመታገል በብዙ ይሻላል። እንዳትራገጥ ደሞ ጅራቷን ከስሩ፣ ልክ ከሰውነቷ በሚወጣበት ቦታ፣ በሁለት እጅ ይዞ ቀጥ አርጎ ወደላይ ማንሳት አለ፣ የሚያነሳው ሰው ወደጎን ይቆማል። መሃሉን ይዛችሁ ከጠመዘዛችሁ ግን የጅራት አጥንት ይሰበራል።

መጣል የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፣ ገመድ በአንገት፣ በደረትና በሆድ ዙሪያ ተጠምዶ ቀስ ብሎ ወደኋላ ሲሳብ ላሟ ራሷ ትተኛለች፣ እግር ጠልፎ መጣል አይደለም። ከተኛች በኋላ ግን ሰዓት መቆጠር ይጀምራል። የሚያመሰኳ እንስሳ ትልቁ ጨጓራው ውስጥ ያለማቋረጥ ጋዝ ይመረታል፣ ቆሞ በግሳት ያወጣዋል፣ በጎኑ ወይ በጀርባው ተጋድሞ ከቆየ ግን አይወጣም፣ ሆዱ ይነፋና ሳንባውን ይጫናል። የበላው ወደአፉ ተመልሶ ወደሳንባ ሊገባም ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች አፍንጫዋን ወደታች ዘንበል አርጉ፣ እንደጨረስን በደረቷ አስቀምጧት የሚሉት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደሞ መጣል ከመጀመሪያውም አይመከርም።

ፈረስና አህያስ?

ፈረስ ላይ አቀራረቡ በግራ ትከሻው በኩል ነው፣ አብዛኛው ፈረስ የተለማመደው እንደዛ ስለሆነ። ከኋላ ማለፍ ካለባችሁ ወይ እጃችሁን ዳሌው ላይ አርጋችሁ ተጠግታችሁ እለፉ ወይ ብዙ ሜትር ራቁ። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ሐኪሙ ደሞ ይሰራል፣ ሁለቱም ግን በአንድ ጎን ነው የሚቆሙት፣ ምክንያቱም ፈረሱ ሲደነግጥ የያዘው ሰው ጭንቅላቱን ወደራሱ ሲስብ ኋላው ከሁለቱም ይርቃል።

የላይኛውን ከንፈር በገመድ ጠምዝዞ መያዝ የቆየ ዘዴ ነው። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ተለክቶ የታየው መጀመሪያ አካባቢ የልብ ምቱን ዝቅ ያረጋል፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን ተገልብጦ ጭንቀት ይሆናል። ጆሮ መጠምዘዝ ይሄ ጥቅም የለውም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጭንቀት ብቻ ነው፣ ፈረሱም ከዛ በኋላ ጭንቅላቱን ማስነካት እምቢ ይላል። ጆሮውን ተዉት።

አህያ ሌላ ነገር ናት። ስትፈራ ከመሮጥ ይልቅ ደርቃ ትቆማለች፣ ህመሟንም ትደብቃለች፣ ዝም ብላ የቆመች አህያ ተመችቷት ነው ማለት አይደለም። ትግሉ ከዛ ድንገት ይመጣል። ጓደኛ ካላት አጠገቧ ይቁም፣ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል።

በግ፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ጥንቸል

በግ ብቻዋን ስትለይ ነው የምትደነብረው፣ ሁለት ሶስት ሆነው ቢገቡ ይቀላል። ከአገጯ ስር አንድ እጅ፣ ከኋላዋ አንድ እጅ፣ በቃ። ፀጉሯን ጎትቶ መያዝ ቆዳዋ ስር ደም ያስቋጥራል። በቂጧ አስቀምጣችሁ ጀርባዋን እግራችሁ ላይ ካስደገፋችሁ ብዙ ጊዜ ፀጥ ትላለች፣ ሰኮና ለማየት ይመቻል፣ ፍየል ላይ ግን አትሞክሩት፣ አገር ይያዝልኝ ብላ ነው የምትጮኸው። ፍየልን በአንገቷ ማሰሪያ መያዝ ይሻላል፣ ቀንድ ካስፈለገም ከስሩ እንጂ ከጫፉ አይያዝም፣ የግልገል ከሆነ ጭራሽ አይነካም።

ዶሮና ወፍ ላይ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፣ እንደኛ ዲያፍራም (ከሳንባ ስር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) የላቸውም፣ የሚተነፍሱት ደረታቸውን ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ነው። ደረቷን ጨብጦ የያዘ ሰው ሳያውቅ ትንፋሿን ያቆማል። ክንፎቿን ወደሰውነቷ አስጠግቶ ከስር መደገፍ ነው፣ ጨለማ ቦታ ደሞ ያረጋጋታል። ጥንቸል በጆሮ አይነሳም፣ አጥንቱ ቀላል ጡንቻው ግን ጠንካራ ስለሆነ የኋላ እግሩ ካልተደገፈ በራሱ እርግጫ ወገቡን ሊሰብር ይችላል። በጀርባው ሲያስተኙት ፈዞ ዝም የሚለው ደሞ ተዝናንቶ ሳይሆን ፍርሃት ነው፣ ቪዲዮ ላይ "እንዴት ደስ ይላል" እየተባለ የሚለጠፈው ነገር።

ውሻዬ ጭራውን እየቆላ ነው፣ ይነክሳል እንዴ?

ሊነክስ ይችላል። ጭራ መቁላት መነቃቃቱን ነው የሚናገረው፣ ፀባዩን አይደለም። ማየት ያለባችሁ መላ ሰውነቱን ነው፣ ድርቅ ካለ፣ ሳይርበው ከንፈሩን ከላሰ፣ ሳይተኛ ካዛጋ፣ የአይኑ ነጭ በጎን ከታየ፣ ጭንቅላቱን ዞር ካረገ ተዉኝ ብሎ እየለመናችሁ ነው። ማጉረምረሙ ደሞ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ አትቅጡት፣ ሲያጉረመርም የሚመታ ውሻ ቀስ በቀስ ሳያጉረመርም የሚነክስ ይሆናል። የተጎዳ ውሻ የገዛ ባለቤቱንም ይነክሳል፣ መኪና የገጨውን ውሻችሁን እቅፍ ከማረጋችሁ በፊት ይሄን አስቡ።

የአፍ ማሰሪያ አለ። የቅርጫት አይነቱ ጥሩ ነው፣ ውሻው አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ውሃም ይጠጣል። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ አፉን ጥብቅ የሚያረገው የጨርቅ ማሰሪያ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ምንም ከሌለ ረጅም ፋሻ ይሰራል፣ አፉ ላይ አንድ ዙር፣ አገጩ ስር ማቋረጥ፣ ከጆሮው ጀርባ ሲጎተት በሚፈታ ቋጠሮ ማሰር። የሚያስመልሰው፣ መተንፈስ ያቃተው ወይ አፍንጫው ደፍጣጣ የሆነ ውሻ ላይ ግን አይታሰርም። ከተቻለ ደሞ ከቀጠሮው ቀናት ቀደም ብላችሁ ማሰሪያውን ከምግብ ጋር አለማምዱት።

ድመትን በማጅራቷ መያዝ ትክክል ነው?

እናቷም እንደዛ ነው የምትይዛት የሚለው ክርክር ለጨቅላ ግልገል ብቻ ነው የሚሰራው። ያደገች ድመት በማጅራቷ ስትያዝ ፀጥ ብትልም ከፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማህበርና ዓለም አቀፉ የድመት ህክምና ማህበር በጋራ ያወጡት መመሪያ ማጅራት መያዝን አይመክርም። ምትኩ ፎጣ ነው፣ ሰውነቷን ጠቅልሎ የሚመረመረውን ክፍል ብቻ ማውጣት፣ አይኗ ቢሸፈን ደሞ የበለጠ ትረጋጋለች። ማጓጓዣ ሳጥኗ ከላይ የሚከፈት ቢሆን ጎትቶ ማውጣት ይቀራል፣ ብዙ ሐኪሞች እንደውም ሳጥኑ ግማሽ ውስጥ ሆና ነው የሚመረምሯት። ሳጥኑ ቤት ውስጥ ሁሌ ተከፍቶ ጨርቅ ተነጥፎበት ይቀመጥ፣ የህክምና ቀን ብቻ ከወጣ ገና ስታየው አልጋ ስር ትገባለች።

ቢታገልም ከታከመ ምን ችግር አለው?

ምርመራው ራሱ ይበላሻል። የተሯሯጠና የታገለ እንስሳ ትኩሳቱ፣ የልብ ምቱ፣ ትንፋሹ ሁሉ ከፍ ይላል፣ ሐኪሙ በሽታውን ይለካ ትግሉን ይለካ በምን ይለያል። የድመት ደሞ ይብሳል፣ በጭንቀት ብቻ የደም ስኳሯ የስኳር በሽታ እስኪመስል ሊወጣ ይችላል። በዛ ላይ እንስሳ ያስታውሳል፣ ዛሬ በግድ የተያዘ በሚቀጥለው ገና በር ላይ ይጀምራል።

ማረጋጊያ ወግቶ መገላገል አይቻልም?

አንዳንዴ ትክክለኛው እሱ ነው፣ በተለይ የሚያም ስራ ከሆነ። ግን የሐኪም ስራ ነው። ዛይላዚን የሚባለው የተለመደ ማረጋጊያ ለላም የሚበቃት መጠን ለፈረስ ከሚሰጠው አንድ አስረኛ አካባቢ ነው፣ በፈረስ ልክ ላም የወጋ ሰው ገደላት ማለት ይቻላል። የደነዘዘ የሚመስል ፈረስም ድንገት ሊራገጥ ይችላል። ለሚፈራ ውሻና ድመት ከቤት ሳይወጡ የሚሰጥ የሚዋጥ መድሃኒት ስላለ ቀጠሮ ስትይዙ ፀባዩን ተናገሩ፣ "እኔ ነኝ የምይዘው አትጨነቁ" ብሎ መሄድ ማንንም አይጠቅምም። የሰው ማስታገሻ ደሞ በራሳችሁ አትስጡ፣ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል።

ብንነከስስ?

የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ትንሽ ነው፣ ባክቴሪያው ግን ጥልቅ ገብቷል፣ በሰዓታት ውስጥ እጅ ሊያብጥ ስለሚችል ሐኪም ይየው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ ምልክት ከጀመረ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ላምም ይይዛል፣ ደሞ የሚታየው አፏን ከፍታ ለሃጭ ስታዝረከርክ፣ መዋጥ ሲያቅታት ስለሆነ ባለቤቱ "የሆነ ነገር አንቋት ነው" ብሎ እጁን ጉሮሮዋ ውስጥ ይከታል። እንደዛ ካያችሁ እጅ ሳታስገቡ ሐኪም ጥሩ።

ከተነከሳችሁ፣ ከተቧጨራችሁ ወይ ለሃጩ ቁስል ላይ ከነካችሁ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ ከዛ በቀጥታ ጤና ተቋም። የነከሰው ውሻ ወይ ድመት ከታወቀ ተገልሎ 10 ቀን ይታያል፣ ክትባቱ ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም፣ ሐኪሙ ያስፈልጋል ካለ የዛኑ ቀን ይጀመራል፣ እንስሳው ጤነኛ ሆኖ 10 ቀኑን ከጨረሰ ቀሪው መርፌ ሊቆም ይችላል።